መሪውን ማን ይዞት ነበር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017፣ ጁባ

ተገኘ! ክፍል ሁለት ተገኘ። ማላኪያ ገበያ ፊልም የሚሸጠው ሙጂብ ዛሬ ጠዋት ሪሴፕሽን ድረስ መጥቶ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። «ኩዋይስ?» አልኩት፣ ጥሩ ነው ወይ ለማለት። «ኩዋይስ ሸዲድ»፣ እጅግ ጥሩ፣ አለኝ፤ ዓይኑን ግን አሸሸ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ደብተሩን የጀመርኩት ለዚሁ ነው። ክፍል አንድን ስሠራ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አሁን ሰው «እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ሲለኝ የምመልሰው የለኝም። ይሄኛው ይመዝገብ።

በሥራ ቀን ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው የእትዬ ዓባይነሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እሁድ ከሰዓት ግን ተርጓሚው ዮፍታሄ ነኝ። ጓሮ ባለው አዳራሽ የውጭ ፊልም ከፍቼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ በማይክ በአማርኛ አወራዋለሁ። ቋንቋውን አውቃለሁ ብዬ አላውቅም። «ሩብ ነዳጅ» (ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ) በየትኛው አገር ቋንቋ እንደተሠራ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። የመኪና ሽሽት ነው። ፈሪ ሾፌር አለ፣ ወፍራም ፖሊስ አለ፣ ዶሮ የጫነች መኪና አለች፣ በቃ። ፈሪውን ሾፌር ሐጎስ አልኩት። ሰው በሳቅ የሞተው እዚያ ላይ ነው።

ሐጎስ ጓደኛዬ ነው፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር። በ2008ቱ የሐምሌ ተኩስ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጥይት ሲንጣጣ፣ የእጅ ፍሬን እንኳ ሳይዝ በሩን ከፍቶ ዘለለ። «ቦይ ውስጥ ተኝቼ ሳይ ቦቴዋ ራሷ ኩርባውን ታጥፋ፣ ራሷን ልታጥብ ወንዝ ወረደች» ብሎ ሲያወራ ያልሳቀ የጁባ ሐበሻ የለም። እኔ ያደረግሁት ወሬዋን አንስቼ ፊልሙ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ፈሪው ከምትሮጥ መኪና ሊወርድ ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ሐጎስ ዝለል!» ይላል። መኪናዋ ያለ ሾፌር ስትታጠፍ እኔ «ራሷ ታጠፈች!» እላለሁ፣ ወንበር ይሰበራል። አሥራ አንድ እሁድ አሳይተነዋል። ሐጎስም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ይስቃል። በፈቃዱ ነው። ይሄም ይመዝገብልኝ፣ በፈቃዱ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አየሁት። ጉድ ሆኛለሁ።

ይሄ ፊልም አይደለም፣ የሽማግሌ ስብሰባ ነው። ፈሪው ሾፌር ፂም አሳድጎ፣ መንዳት ትቶ አትክልት ያጠጣል። አትክልት! ፖሊሱ ጡረታ ወጥቶ ልጁን ይድራል። የዶሮዋ መኪና አንድ ጊዜ ታልፋለች፣ ያውም ባዶዋን። ሽሽት የተባለው መጨረሻ ላይ ስድስት ደቂቃ ነው፣ እሱም ሁለቱም ቀበቶ አስረው፣ ፍሬቻ እያሳዩ። የሠሩት ሰዎች ምን ነካቸው? ሕዝቡ የወደደውን እያወቁ፣ የወደደውን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡት።

ከሁሉ የባሰው መሐል ላይ ያለው ነው። ፈሪው የቆመች መኪና ውስጥ ገብቶ ጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ያያል። ያያል። አሁንም ያያል። ሰዓት ያዝኩበት፣ አራት ደቂቃ። ቃል የለ፣ ሙዚቃ የለ። በእኛ ሥራ ማይክ ይዞ ዝም ማለት የለም። ዝም ካልክ ሰው ይነሳል፣ አንድ ሰው ከተነሳ ሁሉም ይነሳል።

ሙጂብ ስልክ አያነሳም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

እትዬ ዓባይነሽ ለአገር ምድሩ ተናግረው ጨርሰዋል። የሚታየው ሰኔ 1 ነው። ጾም ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው እሁድ፣ ሰው ሥጋ ሊሰናበት የሚመጣበት ቀን። «እትዬ፣ ፊልሙ ደካማ ነው» አልኳቸው።

«ፊልሙን ማን አየው ድሮስ? ሰው የሚመጣው ያንተን አፍ ሊሰማ ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀጠሉናም «አፍህ እምቢ ካለ ግን ያህያ የሚሉት ጉዴሌ ሰፈር ኳስ እያሳየ ነው፣ አዳራሹን ለሱ እሰጠዋለሁ» ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ደስታዬን ለሁለት ደቂቃ እንኳ አላስጨረሱኝም።

አዳራሹ ከሄደ እኔ ምን ነኝ? ቁልፍ አቀባይ።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ክፍል አንድን እንደገና አሳየን፣ ለማሟሟቅ። አረጋሽ መጣች። የሐጎስ ሚስት ናት፣ ማላኪያ ከአዲስ የሚመጣ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር፣ ያቺን ባለፈው ፋሲካ ያሰረቻትን። «ራሷ ታጠፈች!» ስል የሐጎስን ትከሻ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ከሌላው ሰው ሳቅ ተለይቶ ይሰማኛል። ድምፅ ማጉያው ባለበት በኩል ስለምትቀመጥ ይመስለኛል።

ወደ ጁባ ያመጣት የወንድሟ መቃብር ነው። አየለ። እዚህ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር፣ እኔና ሐጎስና እሱ ጉዴሌ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። በዚያው ሐምሌ ሞተ፣ በጥይት። ሐጎስ ቀበረው፣ ልብሱን ላከላት፣ መልእክት ይልክላት ጀመር፣ ስትመጣ መቃብሩን አሳያት፣ ከዚያ አገባት። መልእክቶቹን እኔ ነበርኩ የምጽፍለት፤ ሐጎስ ሲጽፍ ሁለት ቃል ላይ ይደርቃል። «እግዜር ያጽናሽ»ን እንኳ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይሄ ድሮ ነው፣ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።

ሲወጡ አንዷ ለጓደኛዋ ስትል ሰማሁ፦ «ይሄ ሰውዬ ግን ሌላ ቀልድ የለውም እንዴ?»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዝናብ። የጉዴሌ መንገድ ጭቃ ብቻ። የተሳፈርኩበት ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲው፣ ይዞኝ ወደቀ፣ ሱሪዬ አለቀለት። ለአትክልቱ ቦታ ቀልድ ሞከርኩ፦ «ሐጎስ ጎመን እያሳደደ ነው።» አይረባም። «ሐጎስን ቲማቲም እያሳደደው ነው።» የባሰ። ለአስተናጋጇ ለሲና አነበብኩላት። «እና?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

እውነቱን ልጻፈው፣ ደብተር ነውና።

ቦቴዋ ውስጥ አየለ ነበር። ሐጎስ ከሥራ አውጥቶ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ወደ ቤት ሊያደርሰው ነበር። ተኩሱ ሲጀምር ሐጎስ በራሱ በር ዘለለ። አየለ በራሱ በኩል መውረድ አልቻለም፤ የጋቢናው የቀኝ በር እጀታው ተሰብሮ እየተከፈተ ስላስቸገረ በሽቦ ታስሮ ነበር። ቁልቁለት ነው፣ ቦቴዋ መንከባለል ጀመረች። ኩርባው ሥር የሸራ ቤቶች አሉ፣ ሰው ሞልቷቸዋል። አየለ በሾፌሩ በር ሊዘል ይችል ነበር። አልዘለለም። ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻግሮ መሪውን ያዘና ኩርባውን ታጠፈ። ሐጎስ ቦይ ውስጥ ተኝቶ የአየለን እጆች መሪው ላይ አይቷል። ከዚያ ቦቴዋ ወንዝ ገብታ በሾፌሩ በኩል ተኛች። ወደ ላይ የቀረው ሽቦ የታሰረው በር ነው።

ሐጎስ ሰው ዘንድ ሲደርስ «ቦቴዋስ?» ሲሉት «ራሷ ታጠፈች» አለ። ሳቁ። ሰው ከሳቀ ሌላ አይጠይቅም። በማግስቱ አስከሬኑን አስወጥቶ፣ መንገድ ላይ ጥይት አገኘው አለ። ያን ሳምንት ማን ማንን ይጠይቃል?

ይሄን የምናውቅ እኔና ሐጎስ ብቻ ነን። አረጋሽ አታውቅም። ብታውቅ አንድ ሌሊት አብራው አታድርም። ሐጎስ የነገረኝ ከክፍል አንድ በኋላ ነው። በኋላ ነው።

ለሥራው ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ለሥራው የሚሆን ነገር አይደለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ነፋሱ ስክሪኑን ገነጠለው። መሰላል ላይ ወጥቼ በሽቦ ሳስረው ሐጎስ መጣ። ሽቦ ላይ እጄ ጎበዝ ነው፣ እኔ ያሰርኩትን ያለ ፒንሳ የሚፈታው የለም። ሐጎስ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ እጄን ሲያይ ቆየ።

ስወርድ «ሐወይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለኝ፤ ወንድሜ የሚለኝ በትግርኛው ነው። «ክፍል ሁለት ላይ ስሜን ተወው።»

«ምነው? ጠላኸው?»

«ሐምሌ ሁለት ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አረጋሽ ዘንድሮ ቅዳሴ ልታስቀድስለት ነው፣ ምሳም ልታበላ። ‹የወደቀበትን ቦታ አሳየኝ፣ ሻማ ላብራበት› እያለችኝ ነው። የቱን ቦታ ላሳያት? አንዱን መንገድ መርጬ እዚህ ነው ልበላት?» ዓይኑ ቀልቷል። «‹ራሷ ታጠፈች› ስትል ትከሻዬን ይዛ ትስቃለች፣ ዮፍታሄ። ድሮ እችለው ነበር። አሁን አልችልም።»

«እሺ፣ እተወዋለሁ» አልኩት።

«በማርያም በል።»

«በማርያም።» እጁን መታሁ።

ከሄደ በኋላ ተናደድኩ። ዘጠኝ ዓመት በየመጠጥ ቤቱ ሲያወራው የኖረውን ወሬ ዛሬ፣ የእኔ ሥራ አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ተወኝ ይላል። ሰው የሚመጣው «የሐጎስ ፊልም» ብሎ ነው። እሱ ሚስትም አለው፣ ቦቴም አለው። እኔ ያለኝ እሁድ ብቻ ነው። ስለ ራሱ እንጂ ስለ ሰው አያስብም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

የፈሪውን ስም ቀይሬ አለባቸው አልኩት። ለሲናና ለዘበኛው አሥር ደቂቃ ሞከርኩላቸው። ሲና ጥፍሯን ታያለች። ዘበኛው «ሐጎስስ የታለ?» አለ። ሄድኩና ሽንት ቤት ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ።

ያህያ ዛሬ አዳራሹን በእርምጃ ሲለካ አየሁት። «ሰላም ታኪ፣ ኡስታዝ» ብሎኝ አለፈ፣ መምህር ማለቱ ነው፣ እየሳቀ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ሁሉ ዝግጁ። አራቱን ደቂቃ ባዶ ትቻቸዋለሁ። እዚያ ስደርስ የሚመጣልኝን እላለሁ፣ ድሮም አሠራሬ እንዲህ ነው።

አረጋሽ ደወለች። «ዮፍታሄ፣ ፊት ወንበር ያዝልኝ።» የእሷን ወንበር ከሐጎስ ጎን አድርጌ ትንሽ ወደ ማይኩ አዙሬዋለሁ። የተሻለ እንድትሰማ ነው።

እሁድ፣ ሰኔ 1

አለቀ። አጨበጨቡ። አረጋሽ መሐል ላይ ወጣች። ስም አልጠራሁም።

ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሞት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ቆመው የሚያዩም አሉ። እኔ «አለባቸው አትክልት ያጠጣል፣ አለባቸው ጎረቤቱን ይሰድባል» እላለሁ፣ ሰው እርስ በርሱ ያወራል። «ሐጎስ ዝለል!» ብሎ ለመጮህ የመጣ ሕዝብ ምኑ ላይ ይጩህ? ማንም የሚዘልበት መኪና የለም። ከኋላ አንዱ «ኳስ ክፈቱልን!» አለ፣ የሳቁት ለእሱ ነው። እትዬ ዓባይነሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ጎናቸው ያህያ።

አርባኛው ደቂቃ ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ሐጎስ» አልኩ። ምን ብዬ እንደሆነ እንኳ ትዝ አይለኝም። አዳራሹ ነቃ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሐጎስ አንገቱን ደፋ። ሰው ከነቃልህ በኋላ መልሶ ማስተኛት እንዴት ይቻላል? ያለዚያ ስም ሥራ የለም ነበር። እንደማይከፋው አውቄ ነው።

ከዚያ አራቱ ደቂቃ መጣ። ፈሪው ባዶውን ወንበር ያያል። መጀመሪያ ቀለድኩ፦ «ሐጎስ ተሳፋሪ ጠፋበት፣ ወንበር ሥር እየፈለገ ነው።» ሳቁ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ቀርቷል። ከዚያ ፈሪው እጁን ወንበሩ ላይ አሳረፈ፣ እኔም በሐጎስ ድምፅ ስለ ይቅርታ አንዳንድ ነገር አልኩ። ጠቅለል ያለ ነገር ነው፣ ስለ ማንም ሊሆን ይችላል። ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ጄኔሬተሩ ብቻ ይሰማል። እንዲያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፣ ልቤ ቀጥ አለች። ደስታም ነበረበት፣ ልዋሽ አልችልም።

አረጋሽ ያኔ ተነሳች። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ላይ ስለቆመች ጥላዋ ስክሪኑን ሸፈነው፣ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ ሐጎስ ነው።

«ሐጎስ» አለች፣ ቀስ ብላ። «መሪውን ማን ይዞት ነበር?»

ሐጎስ እሷን አላያትም። እኔን ነው ያየው።

ወጣች። እሱም ተከትሏት ወጣ፣ ወንበሩ ተገለበጠ። እኔስ ምን ላድርግ? ፊልሙ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። ቀጠልኩ።

ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡ። እትዬ ዓባይነሽ ጥብሱን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ያህያ ሄዶ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሲና በስልኳ ቀድታዋለች። እሷ ለአንዱ ላከች፣ አንዱ ለሁለት፣ ዛሬ ጠዋት ኤርፖርት የሚሠራ ደንበኛ የራሴን ድምፅ አሰማኝ። «አስለቀስከን እኮ! ሴትየዋን ማስነሳትህ ደግሞ ልዩ ነው፣ ከየት አመጣሃት?» አለኝ። ተዋናይ መስላዋለች። የማያውቋት ሁሉ እንደዚያ ነው የመሰላቸው።

ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሰማሁት። ቃል በቃል እነሆ፣ ምክንያቱም እኔ ያልኩት ሌላ ነበር የመሰለኝ።

«‹ራሷ ታጠፈች› እያልኩ ስንት ዓመት አሳቅኩባት። መኪና ራሷ ትታጠፋለች እንዴ? እኔ ዘልዬ አንተን ጥዬህ...»

ወንበር ይንቀሳቀሳል። የእሷ ድምፅ፦ «ሐጎስ፣ መሪውን ማን ይዞት ነበር?»

ጄኔሬተር። ጄኔሬተር። ሐጎስ አይመልስም። አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው፣ ቆጠርኩት። ከዚያ በማይክ፣ በሐጎስ ድምፅ፦

«አየለ ነዋ። አየለ ነው የያዘው። የቀኙን በር በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱ ሰው አዳነ፣ እኔ ለእህቱ በጥይት ሞተ ብዬ አገባኋት።»

ድምፁ የሐጎስ ነው፣ ማይኩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ነበር። ማይክ ይዤ ነበር። ይሄ ልማድ ነው፣ የሥራ ልማድ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ሐጎስ መጣ። ቦቴዋን በር ላይ አቁሞ ሪሴፕሽን ገባ። ይመታኛል ብዬ ጠረጴዛውን ዞሬ ቆምኩ። አልመታኝም። እንግዶች የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ተቀመጠ፣ ቁልፉን እያገላበጠ።

«በማርያም ብለህ ነበር» አለኝ።

«አምልጦኝ ነው።»

«አራት ደቂቃ ሙሉ?»

መልስ አላጣሁም። ሥራ ነው አልኩት። አንተም ዘጠኝ ዓመት ዋሽተሃታል፣ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም ነበር አልኩት። ከእኔ መስማቷ ይሻላል አልኩት። ይሄ እንኳ ትክክል ነው፣ አሁንም አምንበታለሁ።

ሐጎስ ሳይቆጣ ሰማኝ። ከዚያ «ሽቦውን ያሰርከው አንተ ነህ» አለኝ።

«አንተ እሰርልኝ ስላልከኝ ነው።»

«አዎ። ለአንድ ቀን እሰርልኝ አልኩህ። በማግስቱ ፒንሳ ይዤ መጥቼ እፈታዋለሁ አልከኝ። ሳምንት ሆነ። ለመንኩህ። ‹ነገ› አልከኝ። አየለ ራሱ በጥርሱ ሊፈታው ሞክሮ አቅቶት ስንስቅበት ነበር።» ተነሳ። «ይሄን ዘጠኝ ዓመት ለሰው አልተናገርኩም። ለእሷም ሁሉን ስነግራት ይሄን አልነገርኳትም። አልነግራትምም። እኔ እንዳንተ አይደለሁም፣ ሐወይ።»

በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ቦዳቦዳ ነጂ፣ ሐበሻ እንኳ ያልሆነ፣ በተሰባበረ አማርኛ «ሐጎስ ዝለል!» ብሎት እየሳቀ አለፈ። ሐጎስ እጁን አነሳለት። ልማድ ሆኖበት ነው።

ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ፒንሳውም የእኔ አልነበረም።

እሁድ፣ ሰኔ 8

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሦስት ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አረጋሽ በሴቶቹ በኩል አልነበረችም። ሁለቴ ዞሬ አየሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ማላኪያ ሄድኩ። ልረዳት ብዬ ነው። ሱቁ ግማሹ ባዶ ነው፣ ሽሮውን በከረጢት እያሰረች ለጎረቤቷ ታስረክባለች። ሐሙስ ትበራለች። ሻሽ አላሰረችም።

«ላግዝሽ?» አልኳት።

«ቁጭ በል» አለችኝ፣ እንደ ደንበኛ። በርጩማ ሰጠችኝ። ሥራዋን ሳታቆም «አንተ መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

«በቅርብ ነው። ከክፍል አንድ በኋላ ነው የነገረኝ።»

«ሐጎስ ሁሉን ነግሮኛል። ለአንተ የነገረህ የአየለ አርባ ቀን ነው። እንባውን እየጠረገ። አንተም ‹ለሰው ራሷ ታጠፈች ማለትህን ቀጥል፣ ያ ይሻላል› አልከው።»

እንዲህ ማለቴ ትዝ አይለኝም። ልል እችላለሁ።

«አሥራ ሁለት ጊዜ አሳየህ» አለች። «እኔ ዘጠኙን ነበርኩ። ዘጠኝ እሁድ በወንድሜ ሞት አሳቅኸኝ። ከሁሉ በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አንተ ማይክ ይዘህ ስስቅ ታየኝ ነበር። ምን ይሰማህ ነበር?»

ምን እንደሚሰማኝ ልነግራት አልችልም። ስትስቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ እሱ ነው እውነቱ።

«መልእክቶቹንም አንተ እንደጻፍካቸው ነገረኝ። ስልኬ ላይ ነበሩ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እያወጣሁ አነባቸው ነበር። ትላንት አጠፋኋቸው።» የከረጢቱን አፍ ቋጠረች። «አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ይበላኛል። ሐጎስ ፈራ፣ ዘለለ። ሰው ይፈራል፣ ይሄን ይቅር እለው ይሆናል፣ ዋሽቶኝም ቢሆን፣ አንድ ቀን። ያን በር ግን። ማን ነው ያሰረው አልኩት። ‹እኔ ነኝ፣ አንቺም ሰምተሻል እኮ› አለኝ። ወንድሜን ያቺ ሽቦ ናት የገደለችው። እሷን ይቅር አልለውም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ረዘም አድርጋ። የምታውቅ መሰለኝ። ወይም እንዳልዋሽ ዕድል የምትሰጠኝ። በውጭ ቦቴ አለፈ፣ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ሲንጫጩ ይሰማል። አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ዘግቼው ከበርጩማው ተነሳሁ።

«ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አረጋሽ ሐሙስ ሄደች። ሐጎስ የሚነዳትን ቦቴ ለባለንብረቱ አስረክቦ በኒሙሌ ድንበር በኩል ወጣ አሉ፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኤርፖርት ድረስ ሸኝቷት፣ ሳታናግረው ገባች ብለዋል። የሰው ወሬ ነው።

እትዬ ዓባይነሽ ጠሩኝ። ነገ እንደገና ይታያል፣ ጾም ሆነ አልሆነ፣ ሽሮ ያዛሉ። ከጉዴሌ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ቦታ አስይዟል። ሙጂብ ፊልሙን በዶላር እየሸጠ ነው፣ ሰው ግን ገዝቶ ሲያየው «ይሄ ምን ዝባዝንኬ ነው፣ የዮፍታሄው ይሻላል» እያለ ይመልስለታል።

«አራቱ ደቂቃ እንዳይነካ» አሉኝ እትዬ። «አየለን ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ ለወጥ የተባረከ ነበር። ሴትየዋ የምትነሳበትም ይኑር። ሰው እሷን ብሎ ነው የሚመጣው።»

«ሄዳለች እኮ፣ እትዬ።»

«ሲና ትነሳ።»

ከሰዓት በኋላ ከሲና ጋር ሞከርነው። መጀመሪያ ቶሎ ተነሳች፣ ከዚያ ጮኸች። ቀስ ብለሽ ነው፣ ወደ ሐጎስ ወንበር ዞረሽ፣ ወደ እኔ አትይ አልኳት። አራተኛው ላይ ያዘችው። ቢጫ ሻሽ ከገበያ ገዝቼላታለሁ።

ከእኔ በኩል ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያስተካከልኩት። አሥራ ሁለቱ ሰከንድ ይረዝማል፣ ስድስት ይበቃል። ሽቦውንም አወጣሁት። በሩ ድሮም የማይከፈት ነበር እላለሁ።